እናቴ መቀመጥ የቻለችበት ክረምት

እናቴ ካዛንቺስ ውስጥ የባልትና ሱቅ ነበራት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ ትሸጣለች። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ነው። እሷ ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስኪመሽ ቆማ ስትሠራ ደከመኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ችግሯ መቆም አልነበረም። ችግሯ መቀመጥ ነበር።

ይህን ለሰው ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ሞክሬዋለሁና። ሌላው ሰው ሲቀመጥ ያርፋል። እናቴ ከተቀመጠች ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከጉልበቷ በታች፣ ከቆዳው ሳይሆን ከውስጥ፣ አንድ ነገር ይጀምራታል። ሕመም ነው ወይ ስትባል አይደለም ትላለች። ማሳከክ ነው ወይ ስትባል እሱም አይደለም። "አጥንቴ ውስጥ ሰው ሽቦ አስገብቶ ቀስ እያለ የሚስበው ይመስለኛል" ነበር የምትለው። ተነስታ ጥቂት ስትራመድ ይተዋታል፤ ተመልሳ ስትቀመጥ ይመለሳል። ጠዋት ጠዋት ደህና ነች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የሚብስባት።

እኔ በዚያን ጊዜ ቂርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ኬሚስትሪ መምህርት ነበርኩ። ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ነገርን በሠንጠረዥ ካላስቀመጥኩት የገባኝ አይመስለኝም፤ የገባኝን ደግሞ ለሌላ ሰው ካላስረዳሁት አያስችለኝም። በዚህ ምክንያት ቤት ውስጥ ስሜ ተረስቶ "ቲቸር" ሆኜ ቀርቻለሁ።

ከእናቴ ሱቅ ቀጥሎ ባልዲና ሳፋ የምትሸጥ የስልጤ ሴት አለች። የእናቴ የልብ ወዳጅ ነች፤ ሲቀላለዱ ግን የሚጣሉ ነው የሚመስሉት። እናቴ ምሳ ለመብላት በርጩማዋ ላይ አረፍ ብላ ወዲያው ስትነሳ ካየቻት አታልፋትም።

"አንቺ ሴትዮ፣ እግርሽን ማን ሰርግ ጠራው?"

"አንቺን ሊድር ነው፤ ዝም ብለሽ ባልዲሽን ሽጪ" ትላታለች እናቴ።

ቀልዱ እዚያው ሱቅ በር ላይ ያልቃል። የማያስቀው ነገር ግን ሌላ ነበር፤ መስቀል።

እኛ ጉራጌዎች ነን። አዲስ አበባ የሚነግድ ጉራጌ ዓመቱን ሙሉ ሱቁን ሳይዘጋ ሊከርም ይችላል፤ ለመስቀል ግን አገሩ ይገባል። በእኛ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ሥርዓት አለ። የመስቀል ዕለት ማታ አያቴ፣ ማለትም የእናቴ አባት፣ ልጆቹን በዕድሜያቸው ቅደም ተከተል ፊቱ አስቀምጦ እጁን ራሳቸው ላይ እየጫነ ይመርቃቸዋል። እናቴ የበኩር ልጁ ስለሆነች ምርቃቱ የሚጀምረው ከእሷ ነው። የቀረ ልጅ ካለ ቦታው ባዶ ይተዋል፤ ማንም ተጠግቶ አይሞላውም።

እናቴ ሁለት መስቀል ቀርታ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት አብሬያት ስለነበርኩ ያየሁትን ልናገር። የመስቀል ሰሞን አውቶብስ መተላለፊያው ሳይቀር ሰውና ዕቃ ይሞላበታል፤ የተቀመጠ ሰው እግሩን የሚያንቀሳቅስበት ቦታ አያገኝም። ሰበታን ሳናልፍ እናቴ ጉልበቶቿን በቡጢ መምታት ጀመረች። ቱሉ ቦሎ ስንቃረብ ተነስታ፣ የፊተኛውን ወንበር ይዛ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሯ ወለሉን ትረግጥ ነበር።

"እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ። ሰው ላይ እየወደቁ እኮ ነው" አላት ረዳቱ።

"አልቻልኩም ልጄ።"

"ምን ሆነው?"

ተቀምጬ ደከመኝ ቢሉ ማን ያምናል? ከኋላ አንዱ "ዛር አላቸው መሰለኝ" አለ፤ ሰዎች ሳቁ። እናቴ በዚያች ቅጽበት አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ታክሲ ውስጥ እንዳለች ሁሉ፣ "ወራጅ አለ" አለች።

ቱሉ ቦሎ ወርደን ተመለስን። ለአገር ቤት ሰዎች ሆዷን አሟት ነው ተብሎ ተነገረ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሱቅ የሚጠብቅ ጠፋ ተባለ። በዚያው ዓመት፣ በኅዳር፣ አጎቴ ለሥራ አዲስ አበባ መጥቶ እኛ ቤት አደረ። እራት በልተን ስናበቃ እናቴን ሳያያት እንዲህ አላት፦

"አባባ ምን አለ መሰለሽ። 'የመጀመሪያው ቦታ ባዶ ሲሆን እጄ የት እንደሚጀምር ይጠፋበታል። ዓይኔም ደክሟል። መጪውን ካልመጣች ከዚያ በኋላ እኔን እንዳትጠብቀኝ ንገራት' ነው ያለው።"

እናቴ ቆማ ነበር የምታዳምጠው።

ጥያቄው እንግዲህ አንድ ነበር። መጪው መስቀል ሲመጣ እናቴ አውቶብስ ውስጥ አምስት ሰዓት፣ ማታ ደግሞ አባቷ ፊት ምርቃቱ እስኪያልቅ መቀመጥ ትችላለች? አሥር ወር ነበረን።

እናቴ በዚያን ጊዜ መድኃኒት አልነበራትም ማለት አይደለም። ካንድ ዓመት በፊት አንድ ክሊኒክ ሄዳ፣ እንቅልፍ እንዳጣች ስትናገር፣ ጭንቀት ነው ተብላ ማታ ማታ የምትውጠው ኪኒን ተሰጥቷት ነበር። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፤ እግሯ ግን ብሶባታል። መድኃኒት እየወሰድኩ ባሰብኝ ማለት ነውር ስለመሰላት ለማንም አልተናገረችም።

በታኅሣሥ ኡራኤል አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የነርቭ ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። አራት ጥያቄ ብቻ ነበር የጠየቃት። እግርዎን ለማንቀሳቀስ ይገፋፋዎታል? ሲያርፉ ነው የሚጀምርዎ? ሲራመዱ ይተውዎታል? ወደ ማታ ይብሳል? እናቴ አራቱንም አዎ አለች።

"ልጄ፣ ማን ነገረህ?" አለችው።

"ብዙ ሰው አለበት እናቴ። ስምም አለው" አላት። በእንግሊዝኛ ሬስትለስ ሌግስ እንደሚባል፣ በእኛ ቋንቋ እረፍት የማይሰጥ እግር ልንለው እንደምንችል ነገራት። ዛርም፣ ጭንቀትም፣ የሥራ ብዛትም አይደለም። ማታ የምትውጠው ኪኒን ደግሞ ይህን በሽታ ከሚያብሱት አንዱ ስለሆነ ቀስ በቀስ እንድታቆመው አዘዘ። ከክሊኒኩ ስንወጣ እናቴ የታክሲ ሰልፉን አልፋ በእግሯ ወደ ካዛንቺስ መሄድ ጀመረች። ስደርስባት "ስም አለው" አለችኝ።

አዲሱ መድኃኒት ሌቮዶፓ ይባላል። ማታ ማታ ከእራት በፊት የምትወስደው ትንሽ መጠን ነው። በሳምንቱ ውስጥ የሆነውን ለማመን አስቸገረኝ። እሁድ እራት ቀርቦ፣ ተበልቶ፣ ተነስቶ፣ እናቴ እዚያው ወንበሯ ላይ ነበረች። እኔ የመድኃኒት ነገር በዚህ አለቀ ብዬ ደመደምኩ። ተማሪዎቼን አንድ ሙከራ ብቻ አድርጋችሁ ድምዳሜ ላይ አትድረሱ የምል ሰው ራሴ ደረስኩበት።

ሐኪሙ ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር እየመዘገብን እንድናመጣ ነግሮን ነበር። እናቴ መጻፍ አትችልም። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርን። የሱቁን በር በውስጥ በኩል በጠመኔ ከፋፈልኩላት፤ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ቀን ነው፤ ከላይ ጠዋት፣ ከታች ማታ። እግሯ ሲጀምራት በሰዓቱ ልክ አጭር መስመር ታሰምራለች። እሁድ እሁድ እኔ ወደ ደብተሬ ገልብጬ በሩን በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ደንበኞች የዱቤ መዝገብ ይመስላቸው ነበር። አንዷ "የኔንም ጽፈሽብኛል?" ብላ ተቆጥታ ያውቃል።

በጥር መስመሮቹ ከታች ነበሩ፣ ያውም ጥቂት። በየካቲት ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። በመጋቢት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተሰመረ መስመር አገኘሁ፤ ከዚያ በፊት ቆማ እየሠራች በቀን ብርሃን ጀምሯት አያውቅም። ኪኒኖቹን ሳይ ደግሞ ከሚገባው በላይ ጎድለዋል።

"እማዬ፣ ስንት ነው የምትውጪው?"

"የታዘዘልኝን።"

"ታዲያ የት ሄዱ?"

"በቃ፣ ቀን ሲጀምረኝ አንድ እጨምራለሁ። ምን አለበት? ማታ የሚሠራ ኪኒን ቀን ሥራ ፈትቶ ይዋል እንዴ?"

ደብተሩን ይዘን ወደ ሐኪሙ ሄድን። ገጾቹን አገላብጦ ሲጨርስ "ይህን ማን ሠራው?" አለ። ደረቴ ሰፋ። መስመሮቹ ሁሉንም ነግረውታል። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ ከጊዜ በኋላ በሽታውን ወደ ቀን ይስበዋል፤ በጨመሩት ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ እየቀነሰች እንድትተወውና በምትኩ ጋባፔንቲን የሚባል ሌላ መድኃኒት እንድትጀምር አደረገ። ደሟንም አስመረመራት።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ በራሷ በሱቋ ቋንቋ ነው ያስረዳት፤ እኔ እንኳ ከዚያ የተሻለ ማስረዳት አልችልም ነበር።

"እናቴ፣ ሱቅ አለዎት አይደል? መደርደሪያዎ ላይ ያለው ዕቃ ሙሉ ነው። ደምዎ ደህና ነው ማለት ነው። ጓዳው ግን ባዶ ነው። ሰውነትዎ ያስቀመጠው ብረት አልቋል። አንጎል ደግሞ እግርን ለማሳረፍ ያንን ብረት ይፈልጋል።"

"ጓዳው ባዶ ሆኖ ሱቁ ስንት ቀን ይቆያል?" አለችው እናቴ።

"እሱን ነው የምልዎት።"

የብረት ኪኒን አዘዘላት፣ ለብዙ ወራት የሚወሰድ። በአንድ ሳምንት ውጤት እንዳትጠብቅ፣ ጓዳ ቀስ እያለ እንደሚሞላ ነገራት።

የመድኃኒት ለውጡ ሁለት ሳምንት ከባድ ነበር። የድሮው ሲቀነስ እግሯ እንደ ተቀየመ ሰው ሆነ። በዚያ ላይ አንድ ደንበኛ የጋባፔንቲኑን ወረቀት አንብቦላት "ለሚጥል በሽታ ነው የሚለው" ብሏት ኖሮ ቤት ስገባ ኪኒኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

"እኔ የሚጥል በሽታ የለብኝም። ይህን መድኃኒት ሱቄ ውስጥ ሰው አይቶታል" አለችኝ።

"እማዬ፣ አንቺ ቅርንፉድ ስትሸጪ ለምን ትሸጫለሽ?"

"ለወጥ ነዋ፣ ለሻይም።"

"ጥርሱን ያመመው ሰው መጥቶስ አይገዛም?"

ትንሽ አሰበች። "ይገዛል።"

"በቃ፣ አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ነው።"

ኪኒኑን አንስታ ዋጠች። "አፍ አለሽ" አለችኝ።

አሁን ወደ ራሴ ስህተት መጣሁ። የብረቱን ኪኒን መቼ እንደምትወስድ የወሰንኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ ሁለት መድኃኒት መያዟ ስላሳሰበኝ የማትረሳውን ሰዓት ፈለግሁ። እናቴ በሕይወቷ የማትረሳው አንድ ነገር ቢኖር የአሥር ሰዓት ሻይዋን ነው። ባልዲ ሻጯ በፔርሙዝ ይዛ ትመጣለች፣ ሱቁ በር ላይ አብረው ይጠጣሉ። ስለዚህ በትልቅ ወረቀት ላይ ፀሐይና የሻይ ብርጭቆ ሥዬ፣ ከብርጭቆው ጎን ኪኒን ሥዬ፣ በሩ ላይ ለጠፍኩት። በሥራዬ ረክቼ ነበር። እናቴም አንድ ቀን አልሳተችም።

ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ ገባ። አዲሱ መድኃኒት ቀኑን ነፃ አውጥቶላታል፤ የማታው ግን አልተነቃነቀም። ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች፣ ትነሳለች። የጠመኔው መስመር በአንድ ቦታ ተቸክሎ ቀረ። ባልዲ ሻጯ ዱባይ ያለች ልጇ የላከችላትን ማግኒዝየም አካፈለቻት። ሐኪሙን ጠየቅነው፤ ጉዳት የለውም፣ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሰዓት አይወሰድ አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጎረቤቷ "እህ፣ ሠራ?" ስትላት እናቴ "ሠርቷል፤ ለሆዴ" አለቻት። መስመሩ ግን ያው ነበር።

በሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአሥር ሰዓት ሱቁ በር ላይ ተገኘሁ። ዝናብ ስለነበር ሦስታችንም ወደ ውስጥ ተጣበቅን። ባልዲ ሻጯ ሻዩን ቀዳች። እናቴ ኪኒኑን አወጣች፤ ግን አልዋጠችውም። በቢላ ለሁለት ሰብራ ብርጭቆው ውስጥ ጨመረችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። እንዲህ ነው የምጠጣው" አለች ማንኪያዋን እያማሰለች።

ብርጭቆውን አየሁት። ቀይ የነበረው ሻይ ቀስ እያለ ወየበ፤ ከዚያ ጠቆረ። አንድ ጊዜ ደግማ ስታማስለው የቀለም ውሃ መሰለ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል?"

"አዎ። ብረት አይደል? ብረት ጥቁር ነው።"

ባልዲ ሻጯ ጣልቃ ገባች። "ነግሬያታለሁ እኔ፤ ይሄ ነገር ልብስ ይቀባል እንጂ ሰው አይጠጣውም ብያታለሁ።"

ሻይ ውስጥ ብረት የሚይዝ ነገር እንዳለ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ተጣብቀው ጥቁር ቀለም እንደሚሆኑ አውቃለሁ፤ በዚሁ ዓመት ለስምንተኛ ክፍል ምስማር ሻይ ውስጥ ነክሬ አሳይቻቸዋለሁ። የተጣበቀውን ብረት ሆድ አይቀበለውም፤ እንደገባ ይወጣል። በሆዷ ውስጥም ቢሆን፣ ኪኒኑን ሳትሰብር ብትውጠው እንኳ፣ ሻዩ ካለ ያው ነው። ሦስት ወር ሙሉ እናቴ የጠጣችው ቀለም ነው። በሩ ላይ ደግሞ ብርጭቆና ኪኒን ጎን ለጎን የሣልኩት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ከበሩ ላይ ላጥኩት።

"ምን ሆንሽ?" አለች እናቴ።

"ተሳስቼ ነው። ሻዩ ብረቱን እየበላብሽ ነው።"

አላመነችኝም። ስለዚህ እንደ መምህርት አደረግሁ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁ፣ ሎሚ ጨመቅሁበት፣ ሌላ ኪኒን ሰብሬ ከተትኩ። አማሰልኩት። ውሃው ደፍረስ አለ እንጂ አልጠቆረም። ሁለቱን ብርጭቆዎች የበርበሬው ጆንያ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ሦስታችንም አየናቸው። ከውጭ ሽሮ ሊገዛ የመጣ ሰው እየጠበቀን ነበር።

"ሦስት ወር" አለች እናቴ።

"ሦስት ወር" አልኩ።

"እንኳን አንቺ ራስሽ ደረስሽበት። ሌላ ሰው ቢነግርሽ እንቢ ብለሽ ታስረጂው ነበር" አለችኝ እናቴ። ባልዲ ሻጯ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ሽሮ ሊገዛ የመጣው ሰውዬም ሳይገባው ሳቀ።

ሐኪሙ ጋ ሄጄ ተናዘዝኩ። እሱም "ስለ ሻዩ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ" አለ። የታዘዘው አዲስ ሥርዓት ይህ ነበር፦ ኪኒኑ ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ በውሃና በሎሚ ይዋጣል፤ ሻይ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይርቃል። ሎሚው የሚጨመረው ብረቱን ሆድ በቀላሉ እንዲቀበለው ስለሚረዳ ነው። ሱቁ በር ላይ አዲስ ወረቀት አልለጠፍኩም። እናቴ ራሷ "ጠዋት ስነሳ ሎሚ ነው" ብላ ያዘችው።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። እናቴ በጾም ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ እንኳ አትቀምስም፤ ቅዳሴ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው። በመጀመሪያው ቀን ኪኒኑን ለማታ አስቀምጣዋለሁ አለች። ማታ ከምግብ ጋር፣ ከሻይ ጋር፣ እንደገና እዚያው። ከእኔ ጋር መከራከር ስላልፈለገች ወደ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከዝናብ ተጠልለው ነበር።

"አባቴ፣ መድኃኒት በጠዋት እወስዳለሁ። ጾሙ ይፈርስብኛል?"

"ምግብ አይደለም። ይውሰዱት።"

"ውሃውስ? ስንት ጉንጭ ነው የሚፈቀደው?"

"ኪኒኑን የሚያወርድ ያህል።"

"ሎሚውስ?"

አባ ወደ እኔ ተመለከቱ። "ሎሚውን ያዘዘው ሐኪም ነው ወይስ እሷ?"

"ሐኪሙ ነው" አልኩ።

"እንግዲያውስ እሱም ይሁን።"

እናቴ በዚያ ጾም አንድም ጠዋት አላለፋትም። በእኔ ትዕዛዝ ሳይሆን በአባ ፈቃድ ስለሆነ የበለጠ ጠነከረችበት። በነሐሴ አጋማሽ የጠመኔው መስመር መቅጠን ጀመረ። በአንዳንድ ቀን መስመር ያልነበረበት ዓምድ አገኘሁ። ረስታው ይሆናል ብዬ ጠየቅኋት፤ "አልረሳሁም፣ የለም ነው" አለችኝ። በጳጉሜን ደሟ ሲታይ ሐኪሙ ጓዳው አልሞላም፣ ግን ዕቃ መግባት ጀምሯል አላት። የጋባፔንቲኑን መጠን ሳይነካ ተወው።

መስከረም አሥራ አራት ጠዋት መናኸሪያ ነበርን። እናቴ የገዛችው ወንበር መተላለፊያው በኩል ነው፤ ይህን ያሰብኩት እኔ አይደለሁም። አውቶብሱ ሳይነሳ ተነስታ ወደ ሾፌሩ ሄደች። ምን እንዳለችው ሰማሁ።

"ልጄ፣ እግሬን የሚያመኝ በሽታ አለ። ብዙ ስቀመጥ ይጀምረኛል። መድኃኒት ላይ ነኝ፣ አሁን ተሽሎኛል። ምናልባት አንድ ሁለት ጊዜ ትንሽ ልቆም እችላለሁ፤ ከቆምኩ ረዳትህ እንዳይጮህብኝ ንገረው።"

"ምን አለበት እማማ፣ ይቁሙ" አላት።

ከጎናችን የተቀመጡት ሴትዮ ሰምተው ነበር። "ምን ዓይነት በሽታ ነው?" አሏት። እናቴ ነገረቻቸው። ሽቦውን፣ ጓዳውን፣ የጠቆረውን ሻይ። ሴትዮዋ አፋቸውን ይዘው ሰሙ፤ ከዚያ "የኔ እህት እንዲህ ነበረች፤ ማታ ማታ ግቢውን ስትዞር የምታድር" አሉ። ከፊታችን ያለው ሰውዬ ዞሮ "ብረት የት ነው የሚሸጠው?" አለ። እናቴ "መጀመሪያ ሐኪም ነው የሚያየው፤ ዝም ብለህ ገዝተህ እንዳትውጥ" አለችው። እኔ መስኮቱን አየሁ። የምናገረው አልቆብኝ ነበር፤ ሁሉንም ወስዳብኛለች።

በመንገድ ሁለት ጊዜ ቆመች፤ አንዴ ከወሊሶ ወዲህ፣ አንዴ ከወሊሶ ወዲያ። በሁለቱም ጊዜ ማንም ምንም አላላትም፤ ሴትዮዋ እንዲያውም ቦርሳዋን ያዙላት። ይህን የምጽፈው መድኃኒቱ ሁሉንም ነገር አላደረገም ለማለት ነው። መድኃኒቱ አብዛኛውን አደረገ፤ የቀረውን እናቴ አፏን ከፍታ ሞላችው።

የመስቀል ዕለት ማታ በአያቴ ጎጆ ቤት ውስጥ ጅባ ተነጠፈ። ጅባ ከእንሰት ቃጫ የሚሠራ ምንጣፍ ነው፤ ለስላሳ አይደለም፤ ወንበር ላይ ከመቀመጥም ይከብዳል፣ እግር ታጥፎ ነው የሚቀመጡበት። አያቴ በጉልበቱ ላይ ነጠላውን አስተካክሎ "ማን ነው ከፊት?" አለ።

"እኔ ነኝ አባባ" አለች እናቴ።

እጁን ዘርግቶ አየር ላይ ፈለጋት። አጎቴ ክንዱን ይዞ ራሷ ላይ አሳረፈለት። አያቴ እጁን አላነሳም፤ በጉራጊኛ መመረቅ ጀመረ። ለሁለቱ የቀሩ ዓመታት የሚሆን ምርቃት ጨምሮ ለሷ ብቻ ረዘመ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ልጅ፣ ወደ ሦስተኛው፣ እስከ ሰባተኛው፤ ከዚያ በስማቸው እየጠራ ወደ ልጅ ልጆቹ። ሥርዓቱ እስኪያልቅ ማንም አይነሳም። እናቴ እግሮቿን አጥፋ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ተቀምጣ ነበር። አንድ ጊዜ ጣቶቿ ጉልበቷን ሲነኩ አየሁ፤ ከዚያ ተመልሰው ጸጥ አሉ።

ምርቃቱ አልቆ ሰው ሁሉ አሜን ብሎ ሲነሳ እሷ መጨረሻ ተነሳች። ሰዓቴን አላየሁም ብል ውሸት ነው። አምሳ ሁለት ደቂቃ ነበር።